ራሱን የሚረሳው ኮምፒዩተር፦ ባዮስ፣ የሰዓት ድንጋይና የሸርቆሌ ሙቀት

ከአሶሳ ተነሥቶ ወደ ሱዳን ድንበር የሚያመራ ተጓዥ ሸርቆሌ ሲደርስ አየሩ እየሞቀ መሄዱን ሳይነግሩት ይገነዘባል። አካባቢው እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ የስደተኞች መጠለያ ያለበት በመሆኑ ስሙ በብዙዎች ዘንድ የታወቀ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ግን ከዚያ በጣም ያነሰ፣ 20 ሚሊ ሜትር ስፋት ስላለው አንድ ነገር ነው።

በወረዳው በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት የኮምፒዩተር ክፍል ጥግ ላይ «የተበላሸ» የሚል ወረቀት የተለጠፈባቸው አምስት የዴስክቶፕ ኮምፒዩተሮች ተደርድረው ተመልክቻለሁ። የክፍሉ ኃላፊ የሆኑት መምህር ለጥገና ወደ አሶሳ የሚወስዳቸውን መኪና ይጠባበቁ ነበር። ኮምፒዩተሮቹን አንድ በአንድ ከፍተን ስንመለከት በሦስቱ ጥቁር ስክሪን ላይ አንድ ዓይነት የእንግሊዝኛ መልእክት ወጣ፤ ትርጉሙም በግርድፉ «የሲሞስ ድምር አልተስማማም፤ ለመቀጠል ኤፍ 1ን ይጫኑ» ማለት ነው። አራተኛው እስከ ዊንዶውስ አርማ ድረስ ይሄድና ሰማያዊ ስክሪን አሳይቶ እንደገና ይነሣል። በእውነት የተበላሸው አምስተኛው ብቻ ነበር፤ ፓወር ሰፕላዩ ተቃጥሏል። ለሦስቱ የሚያስፈልጋቸው አንድ አንድ የሰዓት ድንጋይ ነበር። አራተኛውን ግን ያሳመመው ሊያድነው የሞከረ ሰው ነው። ስለ እርሱ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

ባዮስ ምንድን ነው?

ኮምፒዩተር ኃይል እንዳገኘ ዊንዶውስን ወይም ሊኑክስን ወዲያው አያውቅም። ሃርድ ዲስክ እንዳለውም አያውቅም። በማዘርቦርዱ ላይ በተተከለ አንድ ቺፕ ውስጥ የተጻፈ አነስተኛ ፕሮግራም ግን አለ፤ ሥራውም ማህደረ ትውስታውን መፈተሽ፣ ኪቦርዱንና ዲስኩን መፈለግ፣ በመጨረሻም ኃላፊነቱን ለዋናው ሥርዓተ ክወና ማስረከብ ነው። ይህ ፕሮግራም ባዮስ ይባላል። ስያሜውን ያወጣው አሜሪካዊው ጋሪ ኪልዳል ሲሆን፣ ዘመኑም ሲፒ/ኤም የተባለውን ሥርዓተ ክወና የጻፈበት የ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ነው።

ባዮስ ሥራውን ሲጀምር ጥቂት ነገሮችን ከተጠቃሚው ማወቅ ይኖርበታል። ከየትኛው ዲስክ ልነሣ? ዛሬ ቀኑ ስንት ነው? የይለፍ ቃል ልጠይቅ ወይስ አልጠይቅ? እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የመጀመሪያው የአይቢኤም የግል ኮምፒዩተር ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚያስቀምጥበት ባትሪ ያለው ሰዓት አልነበረውም፤ ተጠቃሚው ማሽኑን በከፈተ ቁጥር ቀንና ሰዓት መጻፍ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1984 የመጣው አይቢኤም ኤቲ ግን ሞቶሮላ የሠራውን አንድ የሰዓት ቺፕ ይዞ ቀረበ። ቺፑ 64 ባይት ማህደረ ትውስታ ነበረው፤ 14ቱ ለሰዓቱና ለመቆጣጠሪያው፣ የቀሩት 50 ባይቶች ደግሞ ለቅንብሩ የተመደቡ ነበሩ። ሃምሳ ባይት ማለት ከዚህ አንቀጽ አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ የማይይዝ ቦታ ነው! የዛሬዎቹ ማሽኖች ከዚህ የበለጠ ቦታ ቢኖራቸውም አሠራሩ በመሠረቱ የተወረሰው ከዚያ ነው።

ትንሽ ኃይል፣ ረጅም ዕድሜ

ይህ ማህደረ ትውስታ ሲሞስ የሚባለው ከተሠራበት የትራንዚስተር አደረጃጀት የተነሣ ነው። አደረጃጀቱን እ.ኤ.አ. በ1963 ያቀረበው በፌርቻይልድ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ፍራንክ ዋንላስ ነው። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ሁለት ተቃራኒ ጠባይ ያላቸው ትራንዚስተሮች በተከታታይ ይቀመጣሉ፤ አንዱ ሲከፈት ሌላው ይዘጋል። ከባትሪው አዎንታዊ ጫፍ ወደ አሉታዊው የሚያደርስ ክፍት መንገድ ስለማይኖር ዋናው ፍጆታ የሚታየው ሁኔታቸው በሚለዋወጥበት ቅጽበት ነው። ሁለት በሮች ያሉት መተላለፊያ እንደ ማለት ነው፤ ሁለቱ በሮች ባንድ ጊዜ ካልተከፈቱ ማንም ዘልቆ ሊያልፍ አይችልም። የሚቀረው በበሮቹ ስንጥቅ የሚሾልከው እጅግ ጥቂት ኤሌክትሪክ ነው።

እናስላ። ብዙዎቹ ዴስክቶፖች የሚጠቀሙበት ሲአር 2032 የተባለው የሊቲየም ድንጋይ 3 ቮልትና 220 ሚሊ አምፔር ሰዓት ገደማ አቅም አለው። ቁጥር 20 ስፋቱን በሚሊ ሜትር፣ 32 ደግሞ ውፍረቱ 3.2 ሚሊ ሜትር መሆኑን ይገልጻል። ሰዓቱና ማህደረ ትውስታው 4 ማይክሮ አምፔር ይስባሉ ብንል፣ 220 ሚሊ አምፔር ሰዓት ለ55,000 ሰዓት ይበቃል፤ ይህም ከስድስት ዓመት በላይ ነው። ኃይሉ 3 ቮልት በ4 ማይክሮ አምፔር ሲባዛ 12 ማይክሮ ዋት ይሆናል። በዚሁ ክልል በጉባ ወረዳ የተገነባው የታላቁ የኅዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት በሙሉ ለሲሞስ ብቻ ቢውል ከ400 ትሪሊዮን በላይ ሰዓቶችን ባንድ ጊዜ ማንቀሳቀስ በቻለ ነበር። (ተማሪዎች ይህን ስሌት ራሳቸው ቢያረጋግጡት መልካም ነው።)

ታዲያ ድንጋዩ ከስድስት ዓመት በፊት ለምን ያልቃል? አንደኛው ምክንያት ሙቀት ነው። የሊቲየም ድንጋይ ማንም ሳይጠቀምበት ራሱን በራሱ ይጨርሳል፤ በመደበኛ የክፍል ሙቀት ይህ በዓመት ከመቶ አንድ ገደማ ቢሆንም ሙቀቱ ሲጨምር የኬሚካል ለውጡ ይፋጠናል። ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ እ.ኤ.አ. በ1889 ያቀረበው ሕግ የሚናገረውም ይህንኑ ነው። በትራንዚስተሩ ስንጥቅ የሚሾልከው ኤሌክትሪክም እንዲሁ ይጨምራል፤ በግምት ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር እጥፍ ይሆናል።

ሁለተኛው ምክንያት ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ዴስክቶፕ ኮምፒዩተር ጠፍቶ ሳለ እንኳ ሶኬቱ ላይ እስከተሰካና መብራት እስካለ ድረስ ፓወር ሰፕላዩ ለማዘርቦርዱ 5 ቮልት የተጠባባቂ ኃይል ይሰጣል፤ ሰዓቱም የሚመገበው ከዚሁ ነው። ድንጋዩ የሚሠራው ሶኬቱ ሲነቀል ወይም መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው። ስለዚህ በከተማ ቢሮ ውስጥ ቀን ከሌት ተሰክቶ የሚውል ኮምፒዩተር ድንጋዩን አይነካውም ለማለት ይቻላል። በአንጻሩ ማታ ማታ ማከፋፈያው የሚዘጋበት፣ መብራት የሚቆራረጥበት፣ በክረምት ደግሞ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ተቆልፎበት የሚከርም ኮምፒዩተር አብዛኛውን ዕድሜውን የሚገፋው በድንጋዩ ነው። ከሌላ አገልግሎት ዘመኑን ጨርሶ በእርዳታ የተላከ ማሽን ከሆነ ደግሞ ድንጋዩ ገና ሲደርስ አርጅቷል። ያየናቸው ሦስት ኮምፒዩተሮች ሁሉንም ሁኔታዎች ያሟሉ ነበሩ።

ድምሩ ያልተስማማው ለምንድን ነው?

አንድ ባለ ሱቅ የዱቤ መዝገቡን በገጹ ግርጌ ደምሮ ያስቀምጣል እንበል። በማግስቱ ሲደምረው ሌላ ቁጥር ካገኘ አንድ ነገር መለወጡን ያውቃል፤ የትኛው መሥመር እንደተለወጠ ግን ድምሩ ብቻውን አይነግረውም። ባዮስም እንዲሁ ያደርጋል። ቅንብሩን የያዙትን ባይቶች ደምሮ ውጤቱን በዚያው በሲሞስ ያኖራል፤ ማሽኑ በተነሣ ቁጥር እንደገና ይደምራል። የድንጋዩ ቮልቴጅ ሲወርድ ባይቶቹ ይዘበራረቃሉ፤ ድምሩም አይገጥምም። የትኛው ቅንብር እውነት እንደሆነ ለይቶ ማወቅ ስለማይችል ሁሉንም ጥሎ ፋብሪካው ያስቀመጠውን መነሻ ቅንብር ይወስዳል። መልእክቱ የሚነግረን ይህንኑ ነው፤ ማሽኑ መሞቱን አይደለም። ኤፍ 1 ቢጫን ሥራውን ይቀጥላል፤ የእነዚያ ሦስት ኮምፒዩተሮች ተጠቃሚዎች ግን ጽሑፉን ሲያዩ አጥፍተዋቸው ሄደዋል።

የሰዓቱ ስሕተት ምን ይናገራል?

ባዮስን ወደ መነሻው ከመመለስ በፊት የማሽኑን ሰዓት ከእጅ ሰዓት ጋር ማስተያየት ይገባል። ይህ አንድ ደቂቃ የማይወስድ ምርመራ ነው፤ በእኔ አስተያየት ግን ከየትኛውም ፕሮግራም ይልቅ በሽታውን ለይቶ ያሳውቃል። ምክንያቱም የስሕተቱ መጠን ከምንጩ ጋር የተያያዘ ነው።

ሰዓቱ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ፣ ለምሳሌ የአንድ አሮጌ ዓመት ጃንዋሪ 1 ቀን ላይ ቆሞ ከተገኘ፣ ድንጋዩ አልቋል። ባዮስ ዘመኑን ሲያጣ ብዙውን ጊዜ ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ዓመት ይይዛልና። በዚህ ጊዜ ባዮስን ወደ መነሻው መመለስ ፋይዳ የለውም፤ ራሱን በራሱ መልሷል። የሚያስፈልገው ድንጋይ መቀየር ነው።

ስሕተቱ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ከሆነ ግን ድንጋዩን አንወቅሰው፤ አንድ ሰው ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር አስገብቷል። ይህ ነገር ቀላል መስሎ ይታያል እንጂ ውጤቱ አስቸጋሪ ነው። የኢንተርኔት ገጾች ማንነታቸውን የሚያረጋግጡበት የምሥክር ወረቀት የሚጸናበት የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን አለው። ማሽኑ ዘመኑን ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ካደረገ ወረቀቱ «ገና ያልተጻፈ» ይሆንበትና ገጹን አልከፍትም ይላል፤ ተማሪው ደግሞ ኔትወርኩ ተበላሸ ብሎ ያስባል። የሰዓቱ ቺፕ የሚያውቀው የግሪጎሪያኑን አቆጣጠር ብቻ መሆኑ ሌላ ጣጣ ያመጣል። መስከረምን 1ኛ ወር ብለን ብንሰጠው 31 ቀን አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ጥቅምትን ደግሞ 28 ወይም 29 ቀን ብቻ ይሰጠዋል፤ ጳጉሜንን ፈጽሞ አያውቃትም፣ የወሩ ቁጥር ከ12 አያልፍምና። ስለሆነም በባዮስ ውስጥ የሚገባው ቀን ሁልጊዜ የግሪጎሪያኑ መሆን አለበት፤ የኢትዮጵያን ቀን ማሳየት ከበላይ ያለው ፕሮግራም ሥራ ነው።

ስሕተቱ በትክክል 6 ሰዓት ሲሆንም ተጠያቂው ሰው ነው። እኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የምንለውን ባዮስ 9፡00 ይለዋል፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት ለእርሱ 19፡00 ነው። ምሽት ላይ በአገራችን አቆጣጠር «1፡00» ብሎ ያስገባ ሰው 18 ሰዓት ይሳሳታል። በትክክል 3 ሰዓት የሆነ ልዩነት ግን የተለየ ምንጭ አለው። ዊንዶውስ በባዮስ ውስጥ ያለውን ሰዓት የአካባቢ ሰዓት አድርጎ ሲወስድ፣ ኡቡንቱና ሌሎች የሊኑክስ ዓይነቶች በአብዛኛው ዓለም አቀፉን ሰዓት አድርገው ይወስዱታል። የእኛ ሰዓት ከዓለም አቀፉ 3 ሰዓት ይቀድማል። ሁለቱን ሥርዓቶች ባንድ ማሽን ላይ የጫነ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ሰዓቱ 3 ሰዓት እየዘለለ ቢያስቸግረው ማዘርቦርዱ ምንም አልሆነም፤ ሊኑክስ የአካባቢውን ሰዓት እንዲጠቀም ማዘዝ ይበቃዋል።

ከሁሉ ለፊዚክስ ተማሪ የሚጥመው የሴኮንዶቹ ስሕተት ነው። ሰዓቱን የሚመራው እንደ መንታ ሹካ የተቀረጸ የኳርትዝ ክሪስታል ሲሆን በሴኮንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል። ይህ ቁጥር 2 በ15 ጊዜ ብዜት ስለሆነ ለሁለት በመክፈል ብቻ፣ 15 ጊዜ ተከፍሎ፣ አንድ ሴኮንድ ይገኛል። የክሪስታሉ እርግብግቢት በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ከፍተኛው ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ ሙቀቱ ቢጨምርም ቢቀንስም ይዘገያል። መዘግየቱ ከሙቀት ልዩነቱ ካሬ ጋር ተመጣጣኝ ነው፤ ለእያንዳንዱ ካሬ ዲግሪ 0.034 ሚሊዮንኛ ገደማ። በካሳው ውስጥ 40 ዲግሪ ቢሆን ልዩነቱ 15፣ ካሬው 225፣ መዘግየቱም 7.65 ሚሊዮንኛ ይሆናል። በቀን 86,400 ሴኮንድ አለና በቀን 0.66 ሴኮንድ፣ በወር 20 ሴኮንድ ገደማ ወደ ኋላ ይቀራል ማለት ነው። ክሪስታሉ ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣው ስሕተት በዚህ ላይ ሲታከል በወር የአንድ ደቂቃ ያህል ልዩነት ቢታይ የሚያስደንቅ አይደለም። እንዲህ ላለው ስሕተት ድንጋይ መቀየርም ሆነ ባዮስን መመለስ ከንቱ ድካም ነው።

መመለስ የሚያስፈልገው መቼ ነው? እንዴትስ?

ባዮስን ወደ መነሻው መመለስ ተገቢ የሚሆነው አንድ ሰው ቅንብሩን ነካክቶ ማሽኑ አልነሣ ሲል፣ አዲስ ማህደረ ትውስታ ወይም ፕሮሰሰር ተገጥሞ ስክሪኑ ባዶ ሲሆን፣ ወይም ኃላፊው የይለፍ ቃሉን ይዞ ከመሥሪያ ቤቱ ሲለቅ ነው። በዚህ የመጨረሻው ጉዳይ ከሥራው በፊት የማሽኑ ባለቤት የሆነው ተቋም ፈቃድ ሊኖር ይገባል፤ የሌላን ሰው ቁልፍ መስበር የሚቻል መሆኑ የተፈቀደ አያደርገውም።

ማሽኑ ወደ ባዮስ የሚያስገባ ከሆነ ካሳውን መክፈት አያስፈልግም። እንደተነሣ ወዲያው የመግቢያውን ቁልፍ መጫን ነው፤ በዴል ኤፍ 2፣ በኤችፒ ኤፍ 10፣ በሌኖቮ ዴስክቶፖች ኤፍ 1፣ በብዙ ሌሎች ማዘርቦርዶች ደግሞ ዴሊት። በውስጡ የመነሻ ቅንብር መጫኛ ምርጫ አለ። ነገር ግን ከዚያ በፊት እያንዳንዱን ገጽ በሞባይል ስልክ ፎቶግራፍ ማንሣት ግድ ነው። በተለይ የዲስኩ አሠራር አይዲኢ ነው፣ ኤኤችሲአይ ነው ወይስ ሬይድ? የመነሻ ቅደም ተከተሉስ?

አራተኛው ኮምፒዩተር የታመመው እዚህ ላይ ነበር። ማሽኑን የያዘ አንድ ባለሙያ ፍጥነቱ ስለቀነሰ ብቻ ባዮሱን ወደ መነሻው መልሶታል። ዊንዶውሱ የተጫነው ዲስኩ በአይዲኢ አሠራር ሳለ ነበር፤ የፋብሪካው መነሻ ግን ኤኤችሲአይ ሆኖ ተገኘ። ዊንዶውስ ዲስኩን የሚያነብበትን ፕሮግራም ስላላዘጋጀ ሰማያዊ ስክሪን እያሳየ ይወድቃል። አንዱን ቅንብር ወደ ነበረበት መመለስ ብቻ በቃው፤ ማሽኑ ግን በውስጡ ካለው የተማሪዎች ውጤት ጋር አንድ ሙሉ መንፈቅ ጥግ ይዞ ከርሟል። ዲስኩን አጽድቶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ የሚጭን ሌላ ባለሙያ ቢቀድም ኖሮ ያ ሁሉ ውጤት በጠፋ ነበር። ቢትሎከር በተባለው ዘዴ ዲስካቸው የተመሰጠረ አዳዲስ ማሽኖች ላይም ተመሳሳይ አደጋ አለ፤ ከመመለሱ በኋላ የማስመለሻ ቁልፍ ሊጠይቁ ስለሚችሉ ቁልፉ መኖሩን አስቀድሞ ማረጋገጥ ይገባል።

ወደ ባዮስ መግባት ካልተቻለ የሚቀረው በእጅ መሥራት ነው። የኤሌክትሪኩ ገመድ ይነቀላል፤ ከዚያም በውስጡ የተጠራቀመው ኃይል እንዲወጣ ማብሪያው ለ10 ሴኮንድ ያህል ተጭኖ ይያዛል። ካሳው በካቻቢቴ ተፈትቶ ከተከፈተ በኋላ ማንኛውንም ነገር ከመንካት በፊት ቀለም ያልተቀባውን ብረት መንካት ያስፈልጋል፤ በበጋ ደረቅ አየር በሰውነታችን ላይ የሚጠራቀመው ኤሌክትሪክ ቺፕ ሊያበላሽ ይችላልና። አብዛኛውን ጊዜ ከድንጋዩ አጠገብ ሦስት ቀጫጭን ፒኖች አሉ፤ ሁለቱን ጃምፐር የተባለች ትንሽ ቆብ ታያይዛቸዋለች። ቆቧን ነቅሎ ወደ ሌሎቹ ሁለቱ ማዛወር፣ ጥቂት ሴኮንድ ቆይቶ ወደ ቦታዋ መመለስ ነው። የማዘርቦርዱ መመሪያ ካላዘዘ በቀር ቆቧ በተዛወረችበት ሁኔታ ማሽኑ አይከፈትም። ፒኖቹ ካልተገኙ ድንጋዩን አውጥቶ ጥቂት ደቂቃዎች መጠበቅ ተመሳሳይ ውጤት ይሰጣል።

ይሁን እንጂ ይህ ዘዴ በሁሉም ዘመን ማሽኖች ላይ አይሠራም። ባዮስን የተካው ዩኢኤፍአይ ብዙ ቅንብሮቹን የሚያስቀምጠው ባትሪ በማያስፈልገው ፍላሽ ማህደረ ትውስታ ነው። በእነዚህ ላይ ድንጋዩን ማውጣት ሰዓቱን ብቻ ያጠፋና የይለፍ ቃሉን እንዳለ ሊተወው ይችላል፤ በላፕቶፖች ላይ ይህ የተለመደ ነው።

ባዮስን መመለስና ባዮስን ማሻሻል ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። መመለስ ቅንብሩን ይነካል፤ ማሻሻል ፕሮግራሙን ራሱን ይተካል። በማሻሻሉ መካከል መብራት ቢጠፋ ማሽኑ ጭራሹን ሊነሣ አይችል ይሆናል። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ አስገዳጅ ምክንያትና አስተማማኝ መጠባበቂያ ኃይል ሳይኖር ማሻሻልን አልመክርም።

አዲሱ ድንጋይ ሲገባ የመደመር ምልክት ያለበት ፊቱ ብዙውን ጊዜ ወደ ላይ ይሆናል። አሮጌውን በቴስተር መለካት ይቻላል፤ ከ2.5 ቮልት በታች ከሆነ አገልግሎቱ አብቅቷል። የሊቲየም ድንጋይ ቮልቴጅ ለረጅም ጊዜ እምብዛም ሳይለወጥ ቆይቶ መጨረሻ ላይ በፍጥነት ስለሚወርድ 2.9 ቮልት ማሳየቱ ግን ምን ያህል ዕድሜ እንደቀረው አይነግረንም።

የወጣው ድንጋይ ጠረጴዛ ላይ ወይም መሬት ላይ እንዳይተው አጥብቄ አሳስባለሁ። ለኮምፒዩተር ያለቀ ድንጋይ ለሰው አካል አላለቀም። ሕፃን ቢውጠውና ጉሮሮው ላይ ቢጣበቅ፣ ኤሌክትሪኩ በአካባቢው ባለው እርጥበት ውስጥ ሲያልፍ በአሉታዊው ፊት በኩል ኃይለኛ አልካሊ ይፈጠራል፤ በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ጉሮሮን ክፉኛ ሊያቃጥል፣ ለሞትም ሊያደርስ ይችላል። ይህ ሲያጋጥም ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል፤ ልጁን ለማስታወክ መሞከር አይገባም። ሁለቱን ፊቶች በፕላስተር ሸፍኖ ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ ማስቀመጥ የጥገናው አንድ ክፍል ነው።

ሥራው መሳካቱን ለማወቅ ቀኑንና ሰዓቱን በባዮስ ውስጥ አስተካክሎ ማስቀመጥ፣ ማሽኑን ማጥፋትና ገመዱን ነቅሎ ማሳደር ይበቃል። ማግስቱ ጠዋት ከኔትወርክ ጋር ሳይገናኝ ተከፍቶ ሰዓቱ ከእጅ ሰዓት ጋር ከተስማማ ድንጋዩና ክሪስታሉ ሥራቸውን እያከናወኑ ነው። ገመዱ ሳይነቀል የሚደረግ ሙከራ የሚፈትነው ፓወር ሰፕላዩን እንጂ ድንጋዩን አይደለም።